ዲስኬ ባድ ሴክተር አወጣ፤ ልጠግነው ወይስ ልሰናበተው?

በአንድ የኢንተርኔት የኮምፒውተር መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም ይህን የጥያቄና ምላሽ ተርታ፣ የከፈትኩት በሰኔ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የድሬ ሙቀት በአንድ በኩል፣ ጭንቀቱ በሌላ በኩል ይዘውኝ እንቅልፍ እምቢ አለ። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ከ2010 እስከ 2015 ዓ.ም. ያነሳኋቸው ሰርጎች በሙሉ አንድ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ላይ ተከማችተዋል። ባክአፕ የለኝም። ይህን እዚያው መጀመሪያ ላይ ጻፍኩት። ስድቡ መምጣቱ ካልቀረ በጊዜ ይምጣ ብዬ።

ነገሩ የጀመረው አንዲት ደንበኛዬ የሰርጓን ቪዲዮ እንደገና ስትፈልግ ነው። ፎልደሩን ስከፍተው ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ተከፈተ። ቪዲዮውን ኮፒ ሳደርግ ደግሞ 63 ፐርሰንት ላይ ቆሞ ቀረ። በአካባቢያችን ያለ ጠጋኝ አየት አደረገና ባድ ሴክተር፣ ማለትም ማንበብ ያቃተው የዲስክ ቦታ፣ ነው አለኝ። ሎው ሌቭል ፎርማት ከተደረገ አዲስ እንደሚሆንም ነገረኝ። ፎቶዎቹስ ስለው ዝም አለ። ከዚያ ቤት ገብቼ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን ቼክ ዲስክ፣ ያንን በአር ፊደል የሚታዘዘውን የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻ፣ ለሌሊቱ ለቀቅኩበት። 11 ፐርሰንት ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጥያቄዬ ይሄው ነበር። መብራት ሲመጣ ልቀጥል? ወይስ የጠጋኙን ምክር ልስማ?

ምላሽ 1 የመጣው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሰውየው ጨዋ ነው። አይዞህ ወንድሜ ብሎ ጀመረና ጥያቄ ደረደረ። ዲስኩ የዴስክቶፕ ነው የላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ ነው የገባው ወይስ በቀጥታ በሳታ ኬብል፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማል ወይ። የመጨረሻዋን ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ድምፅ ካለው ፓወሩን ነቅዬ ደግሜ እንዳልነካው፣ ከሌለው ግን ገና ተስፋ እንዳለ ጻፈ። ለማንኛውም መፍትሔ እስኪገኝ ማሽኑን እንዳጠፋው መከረኝ። ድምፅ አልነበረውም። ይቺን ስጽፍለት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ አልዋሽም።

ምላሽ 2 ቀልድ ነው። ለዲስኩ ነፍስ ይማር ብሎ፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ ጠየቀ። ብዙ ሰው ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም።

በምላሽ 3 ሳቢያን ሰፈር የምትኖር የሒሳብ ሠራተኛ ገባች። የቢሮዋ ኮምፒውተር ልክ እንደኔ ድርቅ ይል እንደነበርና ቼክ ዲስክ እንዳዳነላት ጻፈች። እንደሷ አባባል ፕሮግራሙ የተበላሹትን ቦታዎች መዝግቦ ዊንዶውስ ሁለተኛ እንዳይጠቀምባቸው ያደርጋል። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀምሬ እንድጨርሰው መከረችኝ። የጻፈችው ውሸት የለበትም። ምዝገባው እውነት ነው።

ምላሽ 4 ግን ሰይፍ መዝዞ መጣ። ሰው ለመርዳት ብላችሁ ሰው አትግደሉ በሚል መንፈስ የተጻፈ ነበር። አጻጻፉ ያስቀይማል፣ ነጥቡ ግን ትክክል ነው። ቼክ ዲስክ የሚጨነቀው ለፋይል ሥርዓቱ ጤና ነው እንጂ ለሙሽራዋ ፎቶ አይደለም። ማንበብ ያቃተውን ቁራጭ ከፋይሉ ያወጣና ጤነኛ ቦታ ይተካበታል። በተተካው ቦታ ላይ ግን የቀድሞው መረጃ የለም። ባለቤት ያጣውን ቁርጥራጭ ደግሞ ፋውንድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ያጉረዋል። ከዚያ በላይ ደግሞ የታመመውን ዲስክ ከዳር እስከ ዳር እያነበበ ያለፋዋል። መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ጥገና፤ ቅደም ተከተሉ ይሄ ብቻ እንደሆነ ጽፎ ዘጋ። ዝቅ ብሎ ደግሞ በሽተኛ ሳያዩ መድኃኒት ስለሚያዙ ሰዎች አንዲት ነገር ጣል አደረገ።

እሷም ዝም አላለችም። በምላሽ 5 የደረሰባትን እንጂ ያልደረሰባትን እንዳላወራች ነገረችው። የቢሮዋ ፋይሎች ሌላ ቦታ ኮፒ ስለነበራቸው ምንም እንዳልጎደላትም ጨመረች። እዚህ ላይ ሳታስበው የሱን ነጥብ አረጋገጠችለት። ሁለቱም ይህን ያዩት አይመስለኝም።

በምላሽ 6 እኔ ተመልሼ መጣሁ። ጠዋት መብራት መጥቶ ነበር። ሰዎቹ በጠየቁኝ መሠረት የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ከፍቼ ስክሪንሾት ለጠፍኩ። ቢጫ መብራት ነው የሚያሳየው። 05 በሚለው ረድፍ (የተተኩ ሴክተሮች) 0፣ ሲ5 በሚለው ረድፍ (ማንበብ ያቃቱና ውሳኔ የሚጠብቁ) 30፣ ሲ7 በሚለው ረድፍ (የኬብል ስህተት) 0። 30 ብቻ ነው ብዬ በመጠኑ ተጽናንቼ ነበር።

ምላሽ 7 አንድ መስመር ናት። ፕሮግራሙ ጥሬ ቁጥሩን የሚጽፈው በ16 ቤት፣ ማለትም በአስር ሳይሆን በአስራ ስድስት እየቆጠረ፣ ስለሆነ የኔ 30 በኛ አቆጣጠር 48 ነው። በአንድ መስመር 18 ባድ ሴክተር ተጨመረብኝ። ሰውየው ሰላምታም አልጻፈ።

ከዚያ ምላሽ 8 መጣ። የጻፈው አንድ የሐረር መምህር ነው። የጀጎል ልጅ ነኝ ይላል። ረጅም ነበር፤ ቢሆንም ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከክሩ ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዲስኩ ውስጥ ያለው ሳህን በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሏል። ሴክተር የሚባሉት እነሱ ናቸው። ለብዙ ዓመታት አንዱ ሴክተር 512 ባይት ይይዝ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ገደማ ጀምሮ አምራቾቹ ወደ 4096 ባይት ተሻገሩ። ብዙዎቹ ዲስኮች ግን ለኮምፒውተሩ አሁንም በድሮው ቋንቋ፣ በ512 ነው የሚያወሩት። አንዱ አዲስ ሴክተር የድሮዎቹን ስምንት ይይዛል፤ 48ን ለ8 ስታካፍለው እኩል 6 ይወጣል። ስለዚህ በሳህኑ ላይ የቆሰሉት ስድስት ቦታዎች እንጂ 48 አይደሉም ብሎ ገመተ። ይህን ሳነብ ከምላሽ 7 ጋር በልቤ ታረቅኩ።

ቀጠለ። እያንዳንዱ ሴክተር ከመረጃው ኋላ የማረሚያ ኮድ ተሸክሟል። ትንሽ ስህተት ሲመጣ ዲስኩ በዚያ ኮድ ራሱ አርሞ ያልፋል። ጤነኛ የሚባለው ዲስክም ይህን ሲያደርግ ነው የሚውለው፤ እኛ አናይም። ስህተቱ ከኮዱ አቅም ሲያልፍ ግን ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል። ኮምፒውተሬ ድርቅ ያለው ያኔ ነው። ተስፋ ሲቆርጥ ቦታውን ሲ5 ላይ ይመዘግበዋል። መምህሩ ይህን ከፍርድ ቤት ቀጠሮ ጋር አመሳሰለው። መዝገቡ አልተፈረደበትም፣ አልተዘጋም፣ ይጠብቃል።

ለምን ወዲያው አይፈርድም? ዲስኩ ሲመረት ለተተኪነት የተቀመጡ መጠባበቂያ ሴክተሮች አሉት። ነገር ግን ማንበብ ያልቻለውን ቦታ በራሱ ሥልጣን ቢተካው በውስጡ የነበረው መረጃ እስከ ወዲያኛው ጠፋ ማለት ነው። ነገ በሌላ ሙከራ ሊነበብ ይችል ይሆናላ። ስለዚህ በዚያው ቦታ ላይ አዲስ ነገር እስኪጻፍ ድረስ ይጠብቃል። ሲጻፍበት ፍርዱ ይሰጣል። ጽሑፉ ከያዘ ቦታው ነጻ ይወጣል፣ ሲ5 ይቀንሳል። ካልያዘ በመጠባበቂያው ይተካል፣ 05 ይጨምራል። ፎርማት ባድ ሴክተር ያድናል የሚባለው ወሬ ከዚህ የመጣ ነው። ያድናል፤ ግን እላዩ ላይ ዜሮ እየጻፈ ነው። ዲስኩ ይድናል፣ ሰርጉ ይቀበራል።

ይህን ከማንም ጠጋኝ አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

በምላሽ 9 ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ገቡ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ድሮ የቢሮ ኮምፒውተር ያስተዳድሩ ነበር። ያኔ ዲስክ ሲገዛ ጀርባው ላይ የተበላሹ ቦታዎቹ ዝርዝር በወረቀት ተለጥፎ ይመጣ እንደነበርና ዝርዝሩን በእጃቸው እየተየቡ ያስገቡ እንደነበር ጻፉ። ሎው ሌቭል ፎርማትም ያኔ እውነተኛ ሥራ ነበር። ዛሬ እሱ የሚሠራው ፋብሪካ ውስጥ ነው። ገበያ ላይ በዚያ ስም የሚሸጠው ዜሮ መጻፊያ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ከቪስታ ወዲህ ፈጣኑን ትተህ ሙሉውን ፎርማት ስታዘው ያንኑ ያደርጋል። ከፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ ዲስክ እንደሌለም ጨመሩ። ጉድለቱ ሁልጊዜም አለ፣ የድሮው በወረቀት ላይ ነበር፣ የዛሬው በዲስኩ ሆድ ውስጥ ተመዝግቧል። ከዚያ ጨዋታው ወደ ለገሀሬ ሄደባቸው። ባቡሩ፣ ፉጨቱ፣ የድሮ ጓደኞቻቸው። አሮጌው ባቡር ድሬ የደረሰበትን ዘመን አንዱ አሳስቶ ሲጽፍ በምላሽ 11 መልሰው አረሙት፤ በፈረንጅ 1902 ነው። ጋሼን ከባቡር ለማውረድ ማንም አልደፈረም።

ከ12 እስከ 16 ያለው የሙቀት ጨዋታ ነው። አንዱ ሁሉንም ጥፋት ለድሬ ፀሐይ ሰጠ። ግንቦትና ሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ውስጥ ዲስክ ይቀቀላል፣ ሐረር ቢሆን ኖሮ ይህ አይደርስብህም ነበር አለ። የሐረር ሰዎች በደስታ ተንጫጩ። አንዷ ደግሞ የተለመደውን የዲስክ የሥራ ገደብ አስታወሰች። እስከ 60 ዲግሪ ይፈቀድለታል። ዋናው ነገር የክፍሉ ሳይሆን የዲስኩ ሙቀት እንደሆነ፣ እሱም እዚያው የለጠፍኩት ስክሪንሾት ላይ እንደሚታይ ጠቆመች። 46 ይላል። ሌላው ጎግል በፈረንጅ 2007 ያወጣውን ጥናት አመጣ። ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮች ታይተው ሙቀትና ብልሽት ሰው እንደሚጠብቀው ያህል አልተያያዙም። ለሐረር ወገኖች ደግሞ ሌላ ዱላ ነበረው። የዲስክ ማንበቢያ ሄድ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ ነው። አየር ሲሳሳ ወደ ሳህኑ ይጠጋል። ለዚህ ነው ተራ ዲስክ እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ብቻ የሚፈቀድለት። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1,900 ገደማ ላይ ነው የተቀመጡት። ሁለቱም ከገደቡ በታች ናቸው፤ ግን ማን ወደ ገደቡ እንደሚቀርብ ቁጥሩ ይናገራል ብሎ ሳቀ። ክርክሩ በባጂያና በሁልበት መረቅ ተጠናቀቀ። አሸናፊውን አልጽፍም፣ እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው።

ምላሽ 17 ዲስኩን በፌስታል ጠቅልዬ ፍሪጅ ውስጥ እንዳሳድረው መከረ። ወላሂ ይሠራል ብሎ ማለ።  ምላሽ 18 ተነሳበት። በረዶ የሆነ ብረት ድሬ አየር ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከፍሪጅ የወጣች የኮካ ጠርሙስ አይተህ ፍረድ አለው። ላብ ታወጣለች። ያ ላብ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ፣ ከሳህኑ በላይ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ከፍታ የሚበረው ሄድ ምን ይገጥመዋል? ባለ ፍሪጁ መልስ አልሰጠም።

በ19 ክሩ ተበላሸ። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚባለው ሰፈር እሠራለሁ የሚል ሰው ባድ ሴክተርን በማግኔት የሚያድስ ሶፍትዌር እንዳለው፣ ዲስኩን ካመጣሁለት በአንድ ቀን እንደሚመልሰው ጻፈ። ዋጋውን በኢንቦክስ አለ። ያ የምላሽ 4 ሰው ተመልሶ መጣ፣ ሰይፉን አላስቀመጠም። እንዲህ ያለ ሶፍትዌር የሚያደርገው ያንኑ ደጋግሞ ማንበብና መልሶ መጻፍ እንደሆነ፣ የሚተካውም ዲስኩ ራሱ እንጂ ፕሮግራሙ እንዳልሆነ፣ ኮፒ ያላደረገ ሰው ላይ ይህን መሸጥ ነውር እንደሆነ ጻፈ። ባለ ሱቁ ተናደደ። አስራ ምናምን ዓመት ሠርቻለሁ፣ ደንበኛ አሳዝኜ አላውቅም፣ አንተ ማን ነህ ተባባሉ። አድሚኑ ሁለት ጽሑፍ አጠፋ። ስለዚህ 20 እና 21 አሁን ባዶ ናቸው፤ አንብቤያቸው ነበር፣ ምንም አልቀረባችሁም።

አቦ፣ በዚህ ሁሉ መሀል ዲስኩ ጠረጴዛዬ ላይ ተኝቷል።

ምላሽ 22 ነው ያዳነኝ። ተማሪ ይመስለኛል፤ አጻጻፉ ቁጥብ ነው። ሊኑክስን ፍላሽ ላይ ጭኜ ማሽኑን በእሱ እንዳስነሳ ነገረኝ። ዊንዶውስ ዲስኩን ባየ ቁጥር ሳይጠየቅ ሊነካካው ስለሚሞክር ነው። ከዚያ ዲዲ ሬስኪዩ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም እንድጠቀም መከረኝ። የፕሮግራሙ ብልኃት ችኮላ የለውም። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪ ቦታ ሲገጥመው ዘሎ ያልፋል። ጤነኛው ሁሉ ከወጣ በኋላ ብቻ ወደ ቁስሉ ይመለሳል፣ ከዳር ከዳሩ እየፋቀ። ዲስኩ መሀል ላይ ቢሞት እንኳ አብዛኛው ወጥቷል ማለት ነው። ተራ ኮፒ ግን ከቁስሉ ጋር ግንባር ለግንባር ተጋጥሞ እዚያው ይቀራል። የኔ 63 ፐርሰንት ማለት ነው።

ሌላው ነገር፣ የደረሰበትን ቦታ በሙሉ በአንዲት የካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢሄድ ከቆመበት ይቀጥላል። ለድሬ የተሠራ ፕሮግራም ነው አልኩ በሆዴ። ምላሽ 23 ግን አንድ ወሳኝ ነገር አረመ። ከፍላሽ የተነሳ ሊኑክስ ራም ላይ ስለሚኖር ካርታዋን ዴስክቶፑ ላይ ካስቀመጥኩ መብራቱ ይዟት ይሄዳል። አዲሱ ዲስክ ላይ ትቀመጥ አለ። እግዜር ይስጠው።

24 አሳዛኝ ነው። አንድ ልጅ ይህንኑ ሲሠራ ምንጩንና መድረሻውን አቀያይሮ ባዶውን ዲስክ በሞላው ላይ ገለበጠው። የእህቱ ምርቃት እዚያ ላይ ነበር። እህቱ እስካሁን እንደማታውቅ ጻፈ። ስለዚህ የዲስኮቹን ስም በመጠናቸውና በሴሪያል ቁጥራቸው ሳላረጋግጥ ኢንተርን እንዳልጫን ለመነኝ። ሁለት ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ አረጋገጥኩ።

25 የኬብል ነገር ነው። ድርቅ ማለት ሁሉ ባድ ሴክተር አይደለም፣ የላላ ኬብልም ያደርገዋል፣ እሱ ግን ሲ7 ላይ ነው የሚቆጠረው። የኔ 0 ስለሆነ አለፍን።

26 ደግሞ ስለ መብራት ነበር፤ ይህን ብዙ ሰው የማያውቀው ይመስለኛል። ዲስኩ ሴክተር ላይ እየጻፈ ሳለ ፓወር ድንገት ቢቋረጥ መረጃውና የማረሚያ ኮዱ ሳይገጣጠሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ሳህኑ ደህና ነው፣ ንባቡ ግን አይሰምርም። ከላይ ሲታይ ከቁስል አይለይም። ሱቄ ውስጥ ስንት ጊዜ መብራት ሄዶብኛል? ዩፒኤስ፣ ያን መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ባትሪ፣ ግዛ ብለው ስንት ሰው መከሩኝ? እሱን ትቼ ሌንስ ገዛሁ።

ምላሽ 27 ከስድስት ቀን በኋላ የጻፍኩት የኔ ነው። ባለ 2 ቴራባይት አዲስ ዲስክ ገዛሁ። ዩኤስቢውን ትቼ ሁለቱንም በሳታ ኬብል ቀጥታ ሰካኋቸው። ጤነኛ ቢሆን 1 ቴራባይት ሦስት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። የኔ የመጀመሪያው ዙር አራት ሰዓት ወሰደ። ፍቀቱ ሁለት ሌሊት። መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከቆመበት ቀጠለ። ሲያልቅ ያልተነበበው 56 ኪሎባይት ብቻ ነበር። ከ1 ቴራባይት ውስጥ 56 ኪሎባይት! ሲ5 ወደ 112 አድጓል፤ በዚህ ጊዜ 16 ቤቱን ራሴ ቀይሬ ጻፍኩት፣ ማንም እንዳያርመኝ።

የጠፋው የት ወደቀ? ሁለት ፎቶዎች ከወገባቸው በታች ግራጫ ሆነዋል። የፎቶ ፋይል ከላይ ወደ ታች ስለሚፈታ መሀሉ ከተጎዳ ቀሪው ይበላሻል። አንድ ቪዲዮ ደግሞ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይሰባበራል። ያች ደንበኛዬ የጠየቀችው ራሱ።

28 ደስ አለው፣ 29ም እንዲሁ። 30 ላይ ክርክር ተነሳ። ከ48 ወደ 112 ከሄደ ዲስኩ እየሞተ ነው አለ አንዱ። የሐረሩ መምህር አልተስማማም። 112 ለ8 ሲካፈል 14 ነው፤ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር የተነበበው ገና አሁን ስለሆነ ቀድሞ የነበረው ተገለጠ እንጂ አዲስ መቁሰሉ አልተረጋገጠም አለ። ኮፒው በእጄ ስለሆነ አሁን ዜሮ ጽፌበት እንዳይ ነገረኝ። ጻፍኩበት። ሲ5 ወደ 0 ወረደ። 05 ላይ 10 ወጣ፣ ማለትም 16፣ ማለትም ሁለት ሴክተር። አስራ ሁለቱ ነጻ ወጡ። የ26ቱ ሰው ስለ መብራት የጻፈው ትክክል ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ መልሼ ልጠቀምበት? እዚህ ላይ መድረኩ ለሁለት ተከፈለ። አንዷ ያንኑ የጎግል ጥናት ይዛ መጣች። በፍተሻ የመጀመሪያ ስህተት የታየበት ዲስክ በ60 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ ካልታየበት በ39 እጥፍ ይበልጣል። ሌላው የላፕቶፑ ዲስክ 8 ተተኪ ይዞ አራት ዓመት እንደሠራለት ጻፈ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንዱ ቶሎ ይሞታል፣ ሌላው ይከርማል። የማንኛው ወገን መሆኑ የሚታወቀው ቁጥሩ በየሳምንቱ ሲያድግ ወይም ሲቆም ነው። እሷ ግን አንዲት ነገር ጨመረች፣ እሷ አስደነገጠችኝ። በዚያው ጥናት ከሞቱት ዲስኮች ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና በሚባሉት አራት ምልክቶች ላይ አንድም ነገር አልታየባቸውም ነበር። የኔ ቢጫ መብራት ቢያንስ አስጠንቅቆኛል። አሁን በሱ የማመላልሰው ተከታታይ ፊልም ብቻ ነው።

33 ያገለገለ ዲስክ አዲስ ነው ተብሎ ስለተሸጠለት ሰው ምሬት ነው፤ የሱቁን ስም አድሚኑ አጥፍቶታል። 34 ያ ባለ ሱቅ ነው፣ ከ19 የተመለሰው። ስትገዙ የሠራበትን ሰዓት የሚያሳየውን 09 ረድፍ ሳታዩ ብር አትክፈሉ፣ እኔ ለደንበኛ ከፍቼ ነው የማሳየው አለ። ደህና ምክር ነው። የምላሽ 4 ሰው ራሱ አውራ ጣቱን አነሳለት። 35 ስለ ኤስኤስዲ ጠየቀ። በሱ ውስጥ ሳህንም ሄድም የለም፣ አረጃጀቱም ሌላ ነው፣ ሌላ ክር ይከፈት ተባለ።

36ን የጻፈችው ገንደ ቆሬ ያደገች ሴት ናት። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የነሱም ቤት ውኃ ገባበት። እነሱ ተረፉ። የወላጆቿ የሰርግ አልበም ግን ከሳጥኑ ጋር ሄደ። ያኔ ዲስክ ምን እንደሆነ የሚያውቅ በቤቱ አልነበረም። ስለ ባድ ሴክተር ምንም አልጻፈችም። አዲሱን ዲስክ የት እንዳስቀመጥኩት ብቻ ነው የጠየቀችኝ። ከአሮጌው አጠገብ፣ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ለግማሽ ቀን ማንም ምንም አልጻፈም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስተኛ ኮፒ ሠርቼ ሐረር አክስቴ ቤት አደረስኩት። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከጋቢዎቹ ሥር። አክስቴ ምንድነው አለችኝ። ሰርግ ነው አልኳት።

37 የመጨረሻው ነው፣ የኔው። ደንበኛዬና ባሏ መጥተው ቪዲዮውን ወሰዱ። የተሰባበረውን ቦታ አስቀድሜ አሳየኋቸው። የሽማግሌው ምርቃት መሀል ነው፤ አዛውንቱ እጃቸውን ዘርግተው ሁለት ሰከንድ ይሰነጣጠቃሉ፣ ከዚያ ተገጣጥመው ይቀጥላሉ። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ባልየው ሳቀ። ያ ምርቃት አርባ ደቂቃ ነበር፣ ሌላም መቁረጥ ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ።